ወሰን ላይ የተኛችው ጎሽ

ባሏ የሞተባት ሐጃ ናዕሳ የምታልባትን ጎሽ ወደ ገበያ እየነዳች በካይሮ ትልቁ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ሐዲዱን ስትሻገር፣ ሙቀቱ ያደከማት ጎሽ መሃል ላይ ዘፍ ብላ ተኛች። ሐዲዱ የሁለት ክፍለ ከተሞች ወሰን ነው። ከግራም ከቀኝም አንድ አንድ ደንብ አስከባሪ እየሮጠ መጣ።

«ጭንቅላቷ ያለው በእናንተ በኩል ነው፤ አንተ አስነሳት» አለ የግራው፣ ሸንዲ።

«ከብት የሚነሳው በኋላ እግሩ ነው፤ እሱ ደግሞ አንተ ጋ ነው» አለ የቀኙ፣ ቢባዊ።

ከእስክንድርያ የመጣ ባቡር ጡሩምባውን እየነፋ ቆመ። ተሳፋሪው በየመስኮቱ ብቅ እያለ ይሳደብ ጀመር። ናዕሳ አፍራ ሻሿን ወደ ፊቷ ሳበች።

«የኔ እመቤት፣ አታዋርጂኝ፤ ተነሺ» እያለች ጆሮዋን ስታሻሻት፣ ጎሿ ቀስ ብላ ተነሳችና ወደ ቀኝ ወረደች።

«ተገላገልኩ!» ብሎ ሸንዲ አጨበጨበ።

ቢባዊ ግን ገመዱን ያዘ። «ሴትዮ፣ ያለ ፈቃድ ከብት ወደ ክልላችን አስገብተሻል። ጎሿ ተወርሳለች!»

የናዕሳ ሀፍረት ወደ ንዴት ተለወጠ። «ቅድም ጭንቅላቷን እንኳ አልቀበልም ብለህ፣ አሁን ሙሉዋ አማረችህ? እንግዲያው የማንም ወዳልነበረችበት ልመልሳት!» ብላ ጎሿን ወደ ሐዲዱ አዞረቻት።

የባቡሩ ነጂ አንገቱን አውጥቶ ጮኸ፦ «አንተ! ጎሿ ከተመለሰች አንተን ነው የምድጠው!»

ቢባዊ ገመዱን ለቀቀ። «ሐጃ፣ በነቢዩ ይዤዎታለሁ፣ ይለፉ» አለና ሕዝቡን በክርኑ እየገፋ እስከ ገበያው ድረስ መንገድ ጠረገላት።