የጎደሉት ስድስት ፎሞች

ሴራሚክ ከማንጠፌ በፊት ወለሉን በመዶሻ እጀታ እየመታሁ አዳምጣለሁ። ያስተማረኝ የለም፤ ጆሮዬ ለምዶት ነው። ከሲሚንቶው ስር የሙቀት መከላከያ ፎም ካለ ድምፁ ይታፈናል፤ ከሌለ ጥርት ብሎ ይመልሳል።

በሰው አገር፣ ሐምሌ እሳት በሚሆንበት በቡላኦስ ሰፈር በምንሠራው ቤት ጣራ ላይ፣ ጠዋት አማትቤ ጀምሬ ጥጉ ጋ ስደርስ ድምፁ ጠራ። ከዚያ ስር ያለችው ትንሽ ክፍል የየምስራች ናት፤ የባለቤቱ ቤት ሠራተኛ። ቤተሰቡ ሲገባ እዚያ ነው የምታድረው፤ የአየር ማቀዝቀዣ አይገባላትም። ውሃ ልታመጣልን በመጣች ቁጥር በሩን ከፍታ ታያለች። "ጋሼ፣ የራሴ በር ሲኖረኝ ይሄ የመጀመሪያዬ ነው" ብላኛለች።

ፎርማኑን ገለታን ጠርቼ መዶሻውን ሰጠሁት።

"ምታና ስማ።"

መታ። ጎንበስ ብሎ ደግሞ መታ። 

"ስድስት ፎም ጎድሎ ነው" አለ። "ታውቀን የለም? ጫቱ ሲደርስ ሥራ ይቆማል፤ ፎም ደግሞ ለጎን ይመቻል። ተጋደምንበት፤ የሺሻው ከሰል ፈሰሰና ቀለጠ።"

"አንተም በሲሚንቶ ሸፈንከው።"

"የሠራተኛ ክፍል እኮ ነው። ማን ያየዋል?"

"የምስራች፣ በሐምሌ።"

አንገቱን ደፋ። "ተቆጣጣሪዋ ዛሬ ትመጣለች። ከነገርካት ባለቤቱ ያባርረኛል።"

"እኔ አልነግራትም። እዚህ ጥግ ላይ ግን ሴራሚክ አላነጥፍም።"

"ታዲያ ይሄ ከመናገር በምን ይለያል? አንተ ጋሽ ገብረኪዳን፣ ቄስ መሆን ነበረብህ።"

"ቄስ ብሆን ሴራሚክህን ማን ያነጥፍልህ ነበር?"

ተቆጣጣሪዋ ራህመት እኩለ ቀን ሳይሆን መጣች። ድሬዳዋ ስላደገች አማርኛ ታውቃለች። ደንቡ ጣራው በሙሉ ፎም እንዲለብስ ያዛል፤ ሲሚንቶ የሸፈነውን ማየት ስለማትችል ግን የምትጠይቀው ፎቶ ነው። ገለታ የሌላውን ጥግ ፎቶ አዘጋጅቷል። ስልኩን ዘረጋላት። እኔ በልቤ እጸልያለሁ። ልትቀበለው ስትል እጁን መለሰ።

"ይሄ የዚህ ጥግ ፎቶ አይደለም" አላት። "እዚህ ፎም የለም። የሸፈንኩት እኔ ነኝ።"

ራህመት ቀና ብላ አየችው። "ስንት ጣራ ላይ ወጥቻለሁ" አለች፤ "እንዲህ ብሎኝ የሚያውቅ ሰው የለም።" ከዚያ ጻፈች። "አራት ቀን ሰጥቻችኋለሁ። አፍርሱት፣ ፎሙን አስገቡ፣ ሳትሸፍኑት ጥሩኝ። ለባለቤቱ እኔ እደውላለሁ፤ ጉድለቱን ያመለከተው ፎርማኑ ራሱ ነው እለዋለሁ።"

ወደ እኔ ዞረች። "ያንን መዶሻ እስቲ ይስጡኝ።"

የታፈነው የቱ፣ የጠራው የቱ እንደሆነ አሰማኋት። ሦስት ጊዜ ተሳሳተች፤ በአራተኛው ለየችው።

በማግስቱ ገለታ ሲሚንቶውን ራሱ ሲያፈርስ የምስራች ውሃ ይዛ መጣች። "ምነው፣ ክፍሌን ልታፈርሱብኝ ነው?"

"ከሐምሌ ልናስጥልሽ ነው" አላት።

ቀትር ላይ ጫቱ ደረሰ፤ አዲሶቹ ስድስት ፎሞችም አብረው ደረሱ። ገለታ ፎሞቹን ግድግዳ ላይ አስደግፎ፣ ካርቶን ዘርግቶ ተቀመጠ።