አገልግሉ ውስጥ ያደሩት ባትሪዎች

ዓለምጌጥን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያንገበገበቻት አንዲት አባባል ናት። «ይሄ ንባብ ይጠይቃል።» ባሏ ይርጉ፣ እሷ አፏን በከፈተች ቁጥር የሚላት ይህችን ነው። ስለ ቤቱ ኢንሹራንስ ብትጠይቅ ንባብ ይጠይቃል። የመኪናው ፍሬን ይንጫጫል ብትል ንባብ ይጠይቃል፤ ሳምንት ሳይሞላ ፍሬኑ እምቢ ብሎት የጎረቤት ፖስታ ሳጥን ገጭቶ ሲመጣ ግን ምን እንዳነበበ የነገራት የለም። እሷ ከአራተኛ ክፍል ያቆመች ናት። እሱ አገር ቤት ፊዚክስ ያስተምር ነበር፤ እዚህ ፈረንጅ አገር በቫን ከኤርፖርት ሰው ያመላልሳል። ሥራው አያሳፍርም፤ እሷም ፎርት ዎርዝ ከተማ ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘን ነው የምትሠራው። የሚያሳፍረው፣ ቫን እየነዳም ጥቁር ሰሌዳ ፊት የቆመ የሚመስለው መሆኑ ነው።

በፈረንጆቹ 2007 ደግሞ መብረር ጀመረ። እሱ አይደለም የሚበረው፤ ክንድ የምታህል ሄሊኮፕተር ገዝቶ ከመሬት ሆኖ በሪሞት ያበራታል። ሃምሳ ሁለት ዓመት የሞላው ሰው ቅዳሜ ቅዳሜ ከዋይሊ ከተማ ወጣ ብሎ ባለ ሜዳ ላይ ኮፍያውን ገልብጦ፣ አንገቱን ወደ ሰማይ ሰቅሎ ይውላል። አብሮት ሞገስ የሚባል የታክሲ ሾፌርና ሁለት ጡረተኛ ፈረንጆች አሉ። «ክለባችን» ይሉታል። አራት ሰው ክለብ ከሆነ የዓለምጌጥ የምሳ ጠረጴዛ ፓርላማ ነው።

እሷን ያሳሰባት ግን ሄሊኮፕተሯ ሳትሆን ባትሪዋ ነች። ሊፖ ይሉታል፤ እንደ ሬዲዮ ድንጋይ ቆርቆሮ የለበሰ ሳይሆን እንደ ቸኮላት በስስ ብርማ ወረቀት የተጠቀለለ፣ ሲጫኑት ለስለስ የሚል ነገር ነው። ዓለምጌጥ ይህን ነገር ታውቀዋለች። ዌርሃውሱ ሰው የመለሰው ስልክና ላፕቶፕ የሚራገፍበት ነው፤ የሷ ሥራ ባትሪውን እያወጡ፣ በጣት እየዳበሱ ያበጠውን ካላበጠው መለየት ነው። ያበጠው አሸዋ ያለበት ባልዲ ይገባል። ስድስት ዓመት ዳብሳለች። አንድ ጊዜ ዩኑስ የሚባል ባልደረባዋ ያበጠውን በካቻቢቴ ልፈልቅቅ ብሎ ነደደበት፤ ቅንድቡ የበቀለለት በስንት ጊዜው።

የቤታቸው ጋራዥ ደግሞ ከእትዬ ትርንጎ ክፍል ጋር አንድ ግድግዳ ይጋራል። እትዬ ትርንጎ የይርጉ አክስት ናቸው፤ ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። ጉልበታቸው አልታዘዝ ስላላቸው በምርኩዝ ከአልጋቸው እስከ ውጭው በር ሦስት ደቂቃ ይፈጅባቸዋል። ዓለምጌጥ በሰዓት ይዛዋለች። ጋራዡን ባየች ቁጥር የሚታያት ይሄ ሦስት ደቂቃ ነው።

በ2008 ኦገስት ላይ አርሊንግተን ለቅሶ ቤት ምግብ ልትወስድ አገልግሏን ፈለገች። የእናቷ ነው፤ ቆዳ የለበሰ፣ ክዳኑ ጥርቅም ብሎ የሚገጥም። ከጓዳ አጣችው። ለካ ጋራዥ መደርደሪያ ላይ ወጥቷል። ብትከፍተው አሥራ አንድ ባትሪ። የጋራዡ ሙቀት በዚያ ሰሞን ዳቦ ይጋግራል። ባትሪዎቹን አንድ በአንድ ዳበሰች፤ ሁለቱ ሆዳቸው ተነፍቷል።

ይርጉና ሞገስ ጋራዡ በር ላይ ወንበር ዘርግተው ይጫወታሉ።

«ይርጉ፣ ይሄ አገልግሌ ውስጥ ምን ይሠራል?»

«አቧራ እንዳይነካው ነው። ከሱ የተሻለ ዕቃ የለም። ግጥም ነው የሚለው።»

«ግጥም ማለቱ ነው ክፋቱ። ቆዳና አክርማ ነው እኮ። አንዱ ቢነድ ሁሉም ነደደ ማለት ነው።»

«አይነድም።»

«ሁለቱ አብጠዋል። ደግሞ ሁሉንም ሞልተህ ነው ያስቀመጥካቸው?»

«ታዲያስ? ዕቃ ባዶ አይደር የምትይው አንቺ አይደለሽ?»

እውነቱን ነው። ዓለምጌጥ እንደ እናቷ ማሰሮም ሆነ አገልግል ባዶውን አታሳድርም፤ ቢቸግር ቁራሽ ትጥልበታለች። ይርጉ ይህን ልማዷን ዕድሜ ልኩን ሲስቅበት ኖሮ፣ የተከተለው በማይሆን ቦታ ነው።

«እንጀራ አይደለም እኮ» አለችው። «እኛ ጋ ግማሽ ሳናደርሰው መደርደሪያ አይወጣም። ሞልቶ ሙቀት ላይ ከዋለ ያብጣል፤ ባዶውን ከከረመ ይሞታል። ግማሽ ነው የሚቀመጠው።»

ሞገስ ሳቀ። «እትዬ ዓለምጌጥ፣ ኢንጂነር ሆነሻል ለካ።»

«ካርቶን ከምትገፋ ሰው ፊዚክስ እንማር በላ» አለ ይርጉ። «ዓለም፣ ተይው። ይሄ ንባብ ይጠይቃል።»

የለቅሶውን ምግብ በፕላስቲክ ኩለር ይዛ ሄደች። ከመሄዷ በፊት ያበጡትን ሁለቱን ጓሮ አውጥታ ባልዲ ውስጥ አሸዋ ሞልታ ቀበረቻቸው። ስትመለስ ይርጉ ቆፍሮ አውጥቶ፣ በጨርቅ ወልውሎ፣ አገልግሉ ውስጥ መልሷቸዋል።

እሑድ ጠዋት ባልና ሚስቱ ቤተ ክርስቲያን ሊሄዱ ነጠላቸውን ለብሰዋል። ይርጉ ጋራዥ ገብቶ ካበጡት ከሁለቱ አንዱን ቻርጀር ላይ ሰካው፤ ቻርጀሩን ያስቀመጠው ካርቶን ላይ ነው፣ ከአገልግሉ ጎን።

«የሚጠብቀው ሰው ሳይኖር?» አለችው።

«ሲሞላ ራሱ ያቆማል።»

«እትዬ ትርንጎስ?»

«እሳቸው ምን አገባቸው? ቻርጅ የሚደረገው ባትሪው ነው።»

ዓለምጌጥ ነጠላዋን አጣጥፋ አስቀመጠች። «ሂድ። እኔ ቀርቻለሁ።»

«ለባትሪ ብለሽ ቅዳሴ ልትቀሪ? ለንስሐ አባትሽ ምን ልትያቸው ነው?»

«ባሌ አንባቢ ነው እላቸዋለሁ።»

እሱ እንደወጣ ልትነቅለው ጋራዥ ገባች። ገና በሩን ስትከፍት የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የመሰለ፣ ጣፋጭ ጣፋጭ የሚል ሽታ ተቀበላት። ባትሪው እንደ ሊጥ ኩፍ ብሏል። ሶኬቱን ከግድግዳው ነቀለች፤ ረጅሙን አካፋ አነሳች፤ ባትሪውን ከነገመዱ በአካፋው አፍሳ ክንዷን ዘርግታ ወጣች። ደጁ ሲሚንቶ ላይ ጥላው አምስት እርምጃ እንደሸሸች ፉጨት ሰማች። ነጭ ጭስ፣ ቀጥሎ ክንድ የሚያህል ነበልባል። ከአጥሩ ሥር የነበረውን የአሸዋ ከረጢት ጎትታ ደፋችበት። ከዚያ ተመልሳ አገልግሉን ከነባትሪዎቹ አወጣችው።

«ዓለምዬ» አሉ እትዬ ትርንጎ በመስኮት፣ «ምንድን ነው የሚሸተኝ?»

«የይርጉ ንባብ ነው እትዬ። ጭሱ እንዳይገባብዎ መስኮቱን ይዝጉት።»

መደርደሪያውን ስታጸዳ የቻርጀሩን ሳጥን አገኘች። ውስጡ የመመሪያ ደብተር አለ። እንግሊዝኛ አታነብም፤ ደብተሩ ያለበት ላስቲክ እንዳልተቀደደ ለማየት ግን ትምህርት አያስፈልግም። ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ የሰው እጅ አልነካውም። ቁጭ ብላ ብዙ አየችው።

ይርጉ ከቅዳሴ ሲመለስ ሲሚንቶው ላይ ያለውን ጥቁር ነገር ዞሮ ዞሮ አየ። «የቻይና ዕቃ» አለ። «ሞገስ ነው ያስገዛኝ።» ቀጥሎ የጠየቀው ስለ ቻርጀሩ ደኅንነት ነው። ስለ አክስቱ አልጠየቀም።

በማግስቱ ሁለተኛውን ያበጠ ከተማው አደገኛ ቆሻሻ የሚቀበልበት ቦታ ወሰደችው። የቀሩትን ዘጠኙን ትልቅ የሸክላ የአበባ ማሰሮ ውስጥ አሸዋ አንጥፋ ደረደረቻቸው፤ የሸክላ ሰሃን ከላይ ጣል አደረገችበት፣ ሳይገጥም። ማሰሮውን የልብስ ማጠቢያው ክፍል አስገባችው፤ ወለሉ ጡብ ነው፣ ይቀዘቅዛል፣ ከእትዬ ትርንጎ ክፍልም ይርቃል።

ቅዳሜ በምሳ ሰዓት ሜዳው ዳር መኪናዋን ፓርክ አድርጋ አገልግሉን አንግታ ወረደች። ክለቡ ሲያያት ሄሊኮፕተሩን አወረደ። ሞገስ እጁን ታጥቦ መጣ።

«እትዬ ዓለምጌጥ፣ ጮማ ነው ወይስ ዶሮ?»

«ክፈተው።»

ከፈተው። አሸዋ ላይ የተኛ፣ ከስሎ የተኮማተረ ባትሪ። ከጎኑ ላስቲኩ ያልተቀደደ ደብተር። ሞገስ የታጠበ እጁን ኪሱ ከተተ።

«ቅደደውና አንብብ» አለችው ይርጉን። «ለነሱ በእንግሊዝኛ፣ ለኔ በአማርኛ።»

«ዓለም፣ ሰው ፊት ምንድን ነው ይሄ? ቤት እንነጋገራለን።»

«ቤት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ተነጋገርን። ንባብ ይጠይቃል አልክ፤ ይኸው፣ ንባብ ነው።»

ፈረንጆቹ ነገሩ ባይገባቸውም ደብተሩን አዩና ጠጋ አሉ። ይርጉ ላስቲኩን ቀደደ። አነበበ። ሰው ሳይኖር ቻርጅ አይደረግም። የሚቃጠል ነገር አጠገብ አይደረግም። ሙቀት ያለበት ቦታ፣ ግጥም ያለ ዕቃ ውስጥ አይቀመጥም። ያበጠ ተመልሶ አይሞላም። እዚህ ላይ ድምፁ ወረደ።

«አልሰማሁም» አለች። «ድገመው።»

ደገመው። ቀጠለ። ለብዙ ቀን የሚቀመጥ ከሆነ ግማሽ ያህል ብቻ ይሁን፤ ለዚህም ቻርጀሩ ስቶሬጅ፣ ማስቀመጫ፣ የሚል ቁልፍ አለው።

«ግማሽ ነው የሚለው እንዴ?» አለ ሞገስ።

አንደኛው ሽማግሌ ፈረንጅ ራሱን ነቀነቀና የሆነ ነገር ተናገረ። ይርጉ ጆሮው ቀላ።

«ምን አለ?» አለች ዓለምጌጥ።

«በማርች ነግሬው ነበር ነው የሚለው» አለ ሞገስ።

«አንተስ ምን አልከው?»

ይርጉ ደብተሩን አጠፈ። «አንብቤዋለሁ አልኩት።»

ዓለምጌጥ የከሰለውን ባትሪ መዳፉ ላይ አስቀመጠችለትና የአገልግሉን አሸዋ ሜዳው ላይ አራገፈች። ከቦርሳዋ ቁራሽ ዳቦ አውጥታ፣ ባዶውን እንዳይመለስ፣ ጣለችበት። ከደነችውና ወደ መኪናዋ ሄደች።