እጅ በኪስ

«እግር እጅ ነው? እስኪ መልሺልኝ እትዬ! ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቋንቋ ያስተማርሽ ሰው ነሽ፤ እግር እጅ ነው?»

ጎሚስታው ይህን ያለው ከወንበሩ ግማሽ ብድግ ብሎ፣ የጎማ ጥቁረት የማይለቀውን ጣቱን ጠረጴዛው ላይ በተዘረጋው ወረቀት ላይ ተክሎ ነው።

«ቁጭ በል» አሉ ታላቅ እህቱ።

«አልቀመጥም! መጀመሪያ መልሺልኝ።»

«የመታኸው ሾፌር የጉልበት ሎሚ ሁለት ቦታ ተሰንጥቋል። ሆስፒታል እግሩ ተሰቅሎ ተኝቷል። አንተ የሰዋስው ጥያቄ ትጠይቀኛለህ?»

«ይተኛ! ጎማውን ሳትነካው ነው የመለስክልኝ ብሎ በሰው ፊት ሌባ አለኝ። እኔ ምን አደረግኩ? ሁለቱንም እጆቼን ኪሴ ከተትኩ። ጋራዥ ሙሉ ሰው ምስክሬ ነው። ከዚያ በኋላ ነው በእርግጫ ያልኩት። እጄን አነሳሁ? አላነሳሁም። ራይት አድርጊልኝ።»

«ኤክስ ነው።»

«ራይት ነው!»

ሚስቱ ጀርባዋን ሰጥታቸው የምሳውን ሳህን ታጥባለች። ውሃውን ቀስ አድርጋ ነው የከፈተችው፤ አንድም ቃል እንዳያመልጣት።

ወር ባለቀ ቁጥር፣ በመጨረሻው እሁድ፣ መምህርቷ አራት ሰዓት በአውቶብስ ተጉዘው ይመጣሉ። ምሳ ይበላል፣ ሳህን ይነሳል፣ ከዚያ ያ ወረቀት ይዘረጋል። በማስመሪያ ያሰመሩት፣ አናቱም ላይ «የዓመቱ ግቦች» ብለው የጻፉበት ራሳቸው ናቸው። ጡረታ ከወጡ ወዲህም ቀይ እስክሪብቶ ከቦርሳቸው ጠፍቶ አያውቅም። ለወንድማቸው ሦስት መስመር ሰጥተውታል፦ ሲጋራ አቆማለሁ፤ ሳይመሽ ቤቴ እገባለሁ፤ በማንም ላይ እጄን አላነሳም። ለሚስቱ ደግሞ ከታች አንድ መስመር፦ አፌን እሰበስባለሁ። በየመስመሩ ፊት አስራ ሁለት ሳጥን። የሲጋራው መስመር ከሦስተኛው ወር ጀምሮ ኤክስ በኤክስ ሆኗል፤ እሱን ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረውም። ነገሩ ያለው ሦስተኛው መስመር ላይ ነበር።

አምና በዓመቱ መጨረሻ የባልና ሚስቱ ልጅ ክንዷ ተሰበረ። ያኔ ገና ስድስት ዓመቷ ነበር። «ከደረጃ ወድቃ ነው» ተባለ። መምህርቷ መጡ፣ ጀሶውን አዩ፣ ማንንም ምንም ሳይጠይቁ የልጅቷን ልብስ ሻንጣ ውስጥ አጨቁት። በር ላይ ቆመው «አስራ ሁለት ራይት» አሉ። «አስራ ሁለቱም ከሞሉ እኔው ራሴ አምጥቼ አስረክባችኋለሁ። በሦስተኛው መስመር ላይ አንዲት ኤክስ ካለች ግን ሌላ ዓመት እኔ ጋ ትቆያለች።» እናትየዋ አብሬ ልምጣ ብትላቸው፣ «ባልሽን ለማን ጥለሽ?» አሏት። ከዚያ ወዲህ ልጇን የምታሳድጋት በስልክ ነው። የፊት ጥርሶቿ ሲወልቁ አላየችም። አንዴ ብቻ፣ በስምንተኛው ወር፣ ውጤቱ ጥሩ ነው ተብሎ እንደ ሽልማት ለሦስት ቀን አምጥተውላት ነበር።

ስለዚህ መምህርቷ በየወሩ «ቤት ውስጥስ? ንጹህ ነው?» ሲሏት፣ «ንጹህ ነው» ትላለች። ቀዩ ራይት ይሰመራል። አስር ጊዜ ብላለች።

እውነቱን ለመናገር ጎሚስታው የተጻፈውን ቃል በቃል አክብሯል። በሁለተኛው ወር በትከሻው ገፍቶ ከግድግዳው ጋር አጣበቃት። በአራተኛው ጉልበቱን ተጠቀመ። በስድስተኛው በተረከዙ የእግሯ ጣት ላይ ቆሞ፣ ጥፍሯ እስኪነሳ ድረስ፣ ስለ ወጡ ጨው ማነስ ተረጋግቶ አወራላት። ሁልጊዜ ግን አስቀድሞ እጆቹን ኪሱ ይከታል። በግራ ኪሱ የጋራዡ ቁልፎች አሉ፤ እጁ ሲገባ ይንቃጨላሉ። ያንን ድምፅ ስትሰማ በእጇ የያዘችውን ዕቃ ታስቀምጣለች። በምትሠራበት ላውንደሪ ቤት አጠገቧ ሸሚዝ የምትተኩሰው ጓደኛዋ፣ «ምን ሆነሽ ነው የምታነክሺው?» ስትላት፣ «ካውያ ወድቆብኝ» ብላ ታልፋለች። «ይሄ ካውያሽ እግር አውጥቷል ልበል?» ብላት ነበር አንድ ቀን ጓደኛዋ። ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ አንዳቸውም አልሳቁም።

«እሺ» አሉ መምህርቷ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን እያሹ። ይህን ወንድማቸውን እናታቸው ከሞቱ ጀምሮ አዝለው ያሳደጉት እሳቸው ናቸው፤ ኤክስ ማድረግ አንጀታቸው አይችልም። «እሺ፣ የውጪውን ለፖሊስ እንተወው። እኔ ይህን ያወጣሁት ለቤቱ ብዬ ነው። ቤቱ ንጹህ ከሆነ ራይት ላደርግልህ እችላለሁ።»

«ታዲያስ! እሷው ትናገር!»

«ምን ዓይነት ዘር እንደሆንን እንጃ» አሉ መምህርቷ፣ ነገሩን ለማብረድ ያህል ፈገግ ብለው። «ያቺ ልጅህም ሰሞኑን ጉድ አደረገችኝ። ክፍል ውስጥ አንዱን ልጅ ሆዱን በእርግጫ ብላ ዘረረችው። አስተማሪዋ ጠርታኝ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? ስትመታው ሁለቱም እጆቿ በቀሚሷ ኪስ ውስጥ ነበሩ አለችኝ። ለምን መታሽው ብላት፣ ‹እጄን አላነሳሁም› ትለኛለች፣ ፍርጥም ብላ!»

ጎሚስታው ጭኑን መትቶ ሳቀ። «የኔ ልጅ! በለው!»

ሚስቱ ሳህኑን እንደያዘች ቀረች። ውሃው በክርኗ በኩል ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል። ስምንተኛው ወር ትዝ አላት፤ ሁለተኛው ቀን። ልጅቷ ከመጋረጃው ጀርባ አልጋዋ ላይ ነበረች። ተኝታለች ብላ፣ እንዳትነቃ ብላ፣ የባሏን እርግጫ ከንፈሯን ነክሳ ነበር የቻለችው። አልተኛችም ነበር ማለት ነው። ዓይኗን ከፍታ በመጋረጃው ቀዳዳ ስታይ፣ ስትማር ነበር።

«ነይ እስኪ አንቺ ወዲህ» አሉ መምህርቷ፤ እስክሪብቷቸውን አስራ አንደኛው ሳጥን ላይ ደግነውታል። «ቤት ውስጥስ? ንጹህ ነው?»

የቀረው ሁለት ሳጥን ነው። አምስት ሳምንት። ያ ቃል አስር ጊዜ ከመመላለሱ የተነሳ እንደ ሰላምታ ራሱ ምላሷ ላይ መጥቶ ቁጭ አለ። እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ልጅቷ ብትመጣ የምትተኛው እዚያው መጋረጃ ጀርባ ነው።

«ንጹህ አይደለም» አለች።

«ምን አልሽ?»

«ንጹህ አይደለም፣ እትዬ። አንዱም ወር ንጹህ አልነበረም። ልጄን ይመልሱልኛል ብዬ ዋሽቼዎታለሁ።» ቀሚሷን ከጉልበቷ በላይ ገለጠችው። ጭኗ ላይ የጫማ አፍንጫ ቅርጽ ያላቸው ሦስት ምልክቶች ነበሩ፤ አንዱ ቢጫ፣ አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ ገና ጥቁር።

መምህርቷ አዩት። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ወረቀቱ መለሱ፤ መልሱ እዚያ የተጻፈ ይመስል።

«ይኸውልሽ!» አለ ጎሚስታው። «አፌን እሰበስባለሁ ብላ በአደባባይ የፈረመች ሴት! ኤክስ አድርጊባት እትዬ። አሁኑኑ፣ እኔ እያየሁ!»

ቁልፎቹ ተንቃጨሉ።

ጠረጴዛውን በእግሩ ሲገፋው የጠረጴዛው ጠርዝ ሚስቱን ዳሌዋ ላይ አገኛት፤ ብርጭቆዎቹ ወለሉ ላይ ተከሰከሱ። ወደ ምድጃው ስታፈገፍግ ቁርጭምጭሚቷን ጠልፎ ጣላት። አወዳደቋ በጎን ነበር። የመጀመሪያው እርግጫ ጭኗ ላይ፣ ሁለተኛው ጎኗ ላይ አረፈ። ሦስተኛው ሲያርፍ ከውስጧ ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚመስል ድምፅ ሰማች። አልጮኸችም፤ የምትጮህበት አየር አልነበራትም። ከታች ሆና የምታየው ጫማውን ነው፤ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ይመጣል፣ ሥራውን እንደሚያውቅ ሰው ሳይቸኩል።

«ተው! አንተ ልጅ፣ ተው ብያለሁ!» መምህርቷ ከኋላ ኮሌታውን ይዘው ጎተቱት። እሱ ዞር እንኳን አላለም። ጭንቅላቱን ብቻ በኃይል ወደ ኋላ ወረወረው። የእህቱ አፍ ላይ አረፈ።

መምህርቷ ግድግዳውን ተደግፈው ቀስ እያሉ ተንሸራተው ተቀመጡ። የላይኛው ከንፈራቸው ለሁለት ተከፍሎ ደሙ አገጫቸውን አልፎ ነጭ ሸሚዛቸው ላይ ይወርዳል። ጎሚስታው መሐል ወለል ላይ ቆሟል፤ ያለከልካል። ሁለቱም እጆቹ አሁንም ኪሱ ውስጥ ናቸው።

«እዪ» አለ። «እዪው፣ እትዬ። እጄን እዪው።»

ያን ጊዜ ደሙን አየ። በተሰበረው ብርጭቆ ላይ ተንበርክኮ፣ በጉልበቱ እየዳኸ ሄዶ፣ እህቱ ጭን ላይ ፊቱን ቀበረና እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። «እትዬ፣ አልፈለግኩም እኮ። በናታችን ሞት አልፈለግኩም።»

«አውቃለሁ» አሉ መምህርቷ። እጃቸው ራሱን እየዳበሰ ነበር። «አውቃለሁ ልጄ። ጥፋቱ የኔ ነው። ዓረፍተ ነገሩ ነው የተበላሸው። ክፍተት ትቼበታለሁ። እጅ ብቻ ብዬ ስጽፍ፣ ሌላውን ፈቀድኩልህ ማለት ነው።»

ከዚያ ከጎናቸው የወደቀውን ወረቀት ሳብ አድርገው ገለበጡት፤ ጀርባው ባዶ ነበር። ቀዩ እስክሪብቶ ጠረጴዛው ሥር ተንከባሎ ገብቷል፤ ጎሚስታው አፍንጫውን በክንዱ ጠርጎ ገባና አወጣላቸው። ወለሉ ላይ፣ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ወረቀቱን በመምህርቷ ጉልበት ላይ አስደገፉት።

«‹በማንም ላይ እጄንም ሆነ እግሬን አላነሳም›» አሉ እየጻፉ፤ ከንፈራቸው ስላበጠ ቃሉ ተኮላተፈባቸው።

«ጭንቅላትም ጨምሪ» አለ እሱ።

«ጭንቅላት አይነሳም። ግሱ ይቀየር። ‹አልመታም› እንበለው።»

«መግፋትስ? መግፋት እኮ መምታት አይደለም። በኋላ ደግሞ እንዳንጣላ።»

«እውነትህን ነው። ‹አልገፋም›ም ይግባ።» ጻፉ። «ከሚመጣው ዓመት አንድ ብለን እንጀምራለን። ልጅቷ እኔው ጋ ትቆይ። ዓመት ምን አላት፣ እንደ ቀልድ ነው የምታልቀው።»

ሚስቱ ምድጃው ሥር ሆና ይህን ሁሉ ሰማች። አየር በሳበች ቁጥር ጎኗን አንዳች ነገር ይወጋታል፤ በግማሽ መተንፈስ እንደሚሻል ቶሎ ገባት። እነሱ እስካሁን አንዴም ወደ እሷ አላዩም። ይህ አልገረማትም። የገረማት አለመገረሟ ነው። ሌላ አስራ ሁለት ሳጥን፣ ሌላ አስራ ሁለት «ንጹህ ነው»፤ ልጅቷም እዚያ ሆና ኪስ ያለው ቀሚስ ለብሳ ታድጋለች።

የሳህን ማጠቢያውን ጠርዝ ይዛ ተነሳች። አፏን ተጉመጠመጠች፤ የተፋችው ውሃ ቀይ አልነበረም። ቦርሳዋን ከምስማሩ አወረደች፣ ጃኬቷን በትከሻዋ ላይ ጣል አደረገች፤ እጅጌውን ለማጥለቅ ክንዷ አልታዘዝ አላት። ወደ በሩ የሚወስደው መንገድ እነሱ በተቀመጡበት ነው። ስትደርስ ጎሚስታው ዓይኑን ከወረቀቱ ሳያነሳ እግሩን ሰብሰብ አድርጎ አሳለፋት።

«በር መወርወርስ?» ይላል። «በር ወርውሬባት አውቃለሁ።»

«እሱ በተዘዋዋሪ መምታት ነው። እዚህ ጋ ነጠላ ሰረዝ አድርገን እንቀጥለው።»

ደረጃውን አንድ በአንድ፣ በግማሽ ትንፋሽ ወረደች። ታች የጋራዡ በር ተቆልፏል፤ ያረጁ ጎማዎች በፀሐይ ይሸታሉ። ጎረቤትየዋ ልብስ እያሰጣች ነበር፤ አፏ በመቆንጠጫ ስለተሞላ በጭንቅላቷ ብቻ ሰላም አለቻት። መናኸሪያው ሩቅ አይደለም። መምህርቷ ወደ ልጅቷ የሚመለሱበት የዘጠኝ ሰዓቱ አውቶብስ ሞተሩ ተነስቷል። በሚወጋት ጎን በኩል ማንም እንዳይቀመጥባት መስኮት ጥግ ያዘች። የአውቶብሱ ሾፌር በመስታወቱ ሰው ቆጠረ፣ በሩን ዘጋና ነዳ።