የሚፍታሕ መኪና

ለተሥላሴ አዋላጅ ነርስ ናት። የምትሠራው ጋዝጊብላ ጤና ጣቢያ ሲሆን ባሏ ትእዛዙና የአራት ዓመት ልጃቸው ባንቺ ግን የሚኖሩት ሰቆጣ ነው። ትእዛዙ አስተማሪ ነውና ከሰቆጣ መነሣት አልቻለም፤ እሷም ዝውውር ጠይቃ ጠይቃ ሲደክማት ተወችው። ስለዚህ ሰኞ ጧት በሚኒባስ ትሄዳለች፣ ዓርብ አመሻሽ ትመለሳለች። ሚኒባሱ ደግሞ ካልሞላ አይነሣም። አንዳንዴም ጭራሽ ሳይመጣ ይቀርና የምትገባው ቅዳሜ ይሆናል።

አንድ ዓርብ ቤት ገብታ እጇን ብትዘረጋ ባንቺ ከአባቷ እግር ኋላ ተሸሸገች።

“ነይ እንጂ፣ እማ መጣች” አለ ትእዛዙ። ልጅቷ ቀና ብላም አላየች። እሱም ነገሩን ለማለዘብ ብሎ፣ “ተያት፣ አሁን ትለምድሻለች” አላት።

ትለምድሻለች የሚባለው ለእንግዳ ነው። ለተሥላሴ ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ ጓዳ ገባችና ድስት የምትፈልግ መስላ ብዙ ቆየች። ስትወጣ የመጀመሪያ ቃሏ፣ “መኪና እንግዛ” የሚል ሆነ።

ትእዛዙ አልተከራከረም። ለቤት መሥሪያ ያጠራቀሙት ነበራቸው። “ቤትስ ቢሆን ሰው ሲገባበት አይደል” አለና ተስማማ። መንጃ ፈቃዱን እሷ ወልድያ ስትማር አውጥታለች።

መጀመሪያ ያዩት አንድ ደላላ ያመጣትን ነጭ የቤት መኪና ነው። ስታያት ዓይን ትማርካለች፤ የወንበሮቿ ላስቲክ ገና አልተገፈፈም። ባንቺ የፊት ወንበሩ ላይ ወጥታ አልወርድም አለች፤ የለተሥላሴም ልብ እዚያው ቀረ። አብሯቸው የሄደው የሰፈራቸው መካኒክ ደጅይጥኑ ግን ኮፈኑን ከፍቶ መዳፉን ሞተሩ ላይ አሳረፈ።

“ስትነሣ እንዳናያት ቀድማችሁ አሙቃችኋታል” አለ።

ደላላው ሳቅ አለ። ዳገት ሲያስወጧት ሰማያዊ ጭስ ለቀቀች። ከሥሯ ገብተው ሲያዩም በቀለም የተሸፈነ ብየዳ ተገኘባት።

“ለአስፋልት ትሆን ይሆናል” አለ ደጅይጥኑ። “ለዚያ ኮረኮንች ግን አትሆንም፣ እህቴ። ምጥ የያዛት ሴት እየጠበቀችሽ አንቺ መንገድ ላይ ቆመሽ ትቀሪያለሽ።”

ለተሥላሴ የምታለቅሰውን ልጇን ከወንበሩ አንሥታ አቀፈቻት።

ከዚያ በኋላ ያዩዋቸውም አልሆኑም። አንደኛዋ መለዋወጫ አይገኝላትም፣ ሌላዋ ነዳጅ ስትጠጣ ልክ የላትም። ክረምት ገባ። ጭቃው ሲበረታ ለተሥላሴ ሁለት ሳምንት ቤቷ ሳትገባ ቀረች። ይኼኔ ነው ደጅይጥኑ ራሱን እያከከ፣ “አንዲት አለች፤ ግን አትሸጥም” ያለው።

“የማን ናት?”

“የጋሽ ሙሄ። አሮጌ ፒክአፕ ናት፣ ግን ጤነኛ ናት፤ እኔው ነኝ የማያት። ልጃቸው ሚፍታሕ ሳውዲ ከሄደ ጀምሮ ግቢያቸው ውስጥ ቆማለች። በየሳምንቱ አስነሥተው ያሞቋታል፣ ያጥቧታል፣ መልሰው ሸራዋን ያለብሷታል። ስንቱን ገዢ መለሱት።”

ጋሽ ሙሄ ገበያው ዳር የጨርቅ ሱቅ አላቸው። ለተሥላሴ ብቻዋን ሄደች።

“ጋሽ ሙሄ፣ መኪናዋን እንዲሸጡልኝ ልለምንዎ ነው የመጣሁት።”

“አትሸጥም፣ ልጄ። ባለቤቷ ይመጣል።”

ልትወጣ ዞረች። እግሯ ግን እምቢ አላትና የባንቺን ነገር እንዳለ ነገረቻቸው። ጋሽ ሙሄ የጨርቅ መለኪያ ሜትራቸውን በጣታቸው እየጠቀለሉ እየፈቱ ሰሟት። ሲያበቃ ስልካቸውን አወጡ።

“እሱ ይበል” አሉ። “ንብረትነቷ የሱ ነው።”

ሚፍታሕ አነሣ። ድምፁ ከሥራ ቦታው ጫጫታ ጋር ሱቁን ሞላው። አባቱ ሲያስረዱት ሰማና፣ “አባ፣ ይስጧት” አለ።

“አንተ ስትመጣስ?”

ለተሥላሴ መስመሩ የተቋረጠ መሰላት።

“አባ፣ እኔ ቶሎ አልመጣም” አለ ሚፍታሕ። “ልነግርዎ እያልሁ አፌ ላይ ይቀርብኛል። ቶሎ አልመጣም። መኪና ደግሞ ካልተነዳ ይሞታል።”

ጋሽ ሙሄ፣ “እሺ” አሉ። “እሺ፣ የኔ ልጅ። ምሳ በልተሃል?”

ስልኩን ዘግተው ወደ መደርደሪያው ዞሩና የታጠፈውን ጨርቅ ዘርግተው እንደገና አጠፉት። ለተሥላሴ መምጣቷን ጠላችው።

“ጋሽ ሙሄ፣ ይቅርብኝ” አለች።

“አንቺ ምን አደረግሽ? አንቺ ባትመጪ አይነግረኝም ነበር።” መሳቢያውን ስበው ቁልፍ አወጡ። “ነይ፣ ስትነጂ ልይሽ።”

ሸራውን አብረው ገፈፉት። ሞተሩ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዞ ነበር፤ ቁልፉን አንዴ ብታዞረው ተነሣ። ከከተማ ወጥተው ዳገቱን ያለ ጭስ ወጡ። ቁልቁለቱ ላይ ለተሥላሴ ፍሬኑን እየደጋገመች ስትረግጥ ጋሽ ሙሄ ከጎኗ ቆጣ አሉ።

“ፍሬን ላይ አትተኚ! ማርሽ ቀንሺና በሞተሩ አውርጃት። ሚፍታሕንም ይህንኑ ነበር የምለው፤ አይሰማም!”

ከዚያ ወዲያ እስኪመለሱ ድረስ ስለ ልጃቸው አወሩላት። ጨርቅ ጭነው አበርገሌ፣ ኒሯቅ ገበያ ሲወርዱ ሚፍታሕ እንዴት ያንጎራጉር እንደነበር፣ መንገደኛ ባየ ቁጥር እየቆመ እንዴት ያዘገያቸው እንደነበር ነገሯት። ለተሥላሴ ወሬው እንዳያልቅባቸው ብላ ቀስ ብላ ነዳች።

ዋጋዋ ተከፍሎ መኪናዋ እነ ለተሥላሴ ቤት ገባች። አሁን ማለዳ ወጥታ ፀሐይ ሳትጠልቅ ትመለሳለች፤ እዚያ የምታድረው ተረኛ ስትሆን ብቻ ነው። አንድ ማክሰኞ ባንቺ እናቷ ጸጉሯን ስታጥባት ሳሙና ዓይኗ ገባና፣ “ሂጂ! አልወድሽም!” ብላ እየጮኸች ውሃውን በእጇ ረጨችባት። ትእዛዙ ሊቆጣ ብድግ ሲል ለተሥላሴ በዓይኗ መለሰችው። ለእንግዳ እንዲህ አይባልም። ቀሚሷ እንደ ራሰ፣ ደስታዋን ለማንም ማስረዳት ሳትችል ልጇን አጥባ ጨረሰች።

መስከረም ሲጠባ ጋሽ ሙሄ እነ ለተሥላሴ ደጅ መጡ። ኒሯቅ የሚጠይቁት ዘመድ እንዳላቸው ተናገሩ፤ የዘመዱን ስም ግን አልጠሩም፣ ለተሥላሴም አልጠየቀቻቸው። ቅዳሜ ይዛቸው ወረደች። ወደ አበርገሌ ሲያቆለቁሉ ቆላው በመስኮት ትኩስ አየር ላከባቸው። ጋሽ ሙሄ በስልካቸው በምስል ደወሉ።

“የት ናችሁ?” አለ ሚፍታሕ።

“እየው።” ስልኩን በመስኮት አወጡት። ማሽላው አረንጓዴ ሆኖ በመንገዱ ግራና ቀኝ ቆሟል። “ይኸውልህ፣ እዚህ ጋ ነበር ጎማ የፈነዳብህ፣ ያን ጊዜ —”

“አባ፣ አይናገሩ” አለ ሚፍታሕ። “የመኪናዋን ድምፅ ልስማ።”

ጋሽ ሙሄ ስልኩን ወደ ኮፈኑ አዞሩት። መኪናዋ ብቻ እያጉረመረመች ወረደች።

ከአንድ ጠመዝማዛ በኋላ ኔትወርኩ ጠፋ። ጋሽ ሙሄ ምስሉ መጥፋቱን አይተዋል፤ ስልኩን የያዘ እጃቸውን ግን ከመስኮቱ አላስገቡም።