የተፈጨው ቴስታታ

ደባርቅ ውስጥ ትዕግሥት የሌለው ሰው ጥሩ ቢባል፣ አገሩ ሁሉ በመካኒኩ በገሠሠ ላይ ጣቱን ይቀስር ነበር። ሻይ እስኪበርድ እንኳ አይጠብቅም፤ ምላሱን አቃጥሎ ሻይ ያፈላውን ሰው ይራገማል። በዚያ ሳምንት ደግሞ ጭራሽ ባሰበት። ዳባት ገበያ ላይ ታፍሶ ለብሔራዊ ውትድርና የተወሰደው ልጁ ደምለው፣ ጎንደር ሥልጠናውን ጨርሶ ወደ ሰሜን ጦር ግንባር ሊሄድ ነው የሚል ወሬ ደረሰው። ልጁ ሲወሰድ አባትም እናትም አልተሰናበቱትም።

"እዚሁ መንገድ ዳር ቆመን ብንጠብቀውስ? ማለፉ በዚህ አይደል?" አለች ሚስቱ የሺወርቅ።

"ባለፈው የቆሙት እናቶች ምን አተረፉ? አቧራ! ወታደር የሚጭነው ኦራል ሸራውን ለብሶ ሽው ነው የሚለው። ጎንደር ሄደን ካላየነው አናየውም።"

በምን ይሂዱ? አውቶቡሶቹ ለዘመቻ ተወስደዋል፤ ቤንዚን ለግል መኪና ከተከለከለ ከርሟል። የገሠሠ አሮጌ ፒክአፕ ጓሮ ቆማ የዶሮ ማደሪያ ሆናለች። ስሜን ተራሮች ላይ ቡይት ራስ ለቱሪስት ምግብ ያበስል የነበረው ወዳጁ አለነ ግን፣ ቱሪስቱ ከቀረ ወዲህ ሥራ የፈታ አንድ ሙሉ ቡታጋዝ ነበረው። ገሠሠ ይህ ትዝ ሲለው የጫማውን ክር ሳያስር ሮጠ። አስመራ ጋራዥ ሲሠራ በጋዝ የሚሄድ መኪና አይቷል፤ አሠራሩንም ያውቃል።

"ጋዝ መታመቅ ይወዳል" አላት ለየሺወርቅ፣ የሞተሩን ክዳን፣ ቴስታታውን፣ ፈትቶ እያወጣ። "ይኼ ከፒስቶኑ ካልተጠጋ ጉልበት አይኖራትም፤ ዳገት ላይ ታዋርደናለች። ከሥሩ መላግ አለበት።"

የሚልግ ማሽን ከየት ይምጣ! የቁም ሣጥኑን መስተዋት ነቅሎ አጋደመና ብርጭቆ ወረቀት ለጠፈበት፤ ቴስታታውን ደፍቶ ይፈትግ ጀመር። አቅጣጫ እየቀያየረ ነበር የሚፈትገው፤ እኩል እንዲላግ ደንቡ እንደዚያ ነው። ግን አንድ ቦታ መርጋት አልቻለም። ትንሽ ፈትጎ ካርቡራቶሩ ጋ ይሮጣል፤ የጋዙን ጎማ ይሞክራል፤ በር ድረስ ወጥቶ መንገዱን ያያል፤ መኪና ያለፈ በመሰለው ቁጥር ልቡ ድንግጥ ይላል።

"ወዲያ ተነሥ! አንተ መቼ ፈጭተህ ታውቅና!" አለች የሺወርቅ፤ ነጠላዋን አገልድማ ተንበረከከች።

እሷስ ፈጭታ ታውቃለች። ወፍጮ ላይ እንዳደገች ሴት ስትገፋ ባለ በሌለ ክብደቷ እየተጫነች፣ ስትመልስ ቀለል እያደረገች፣ አንድም ጊዜ ሳታዞር ፈጨችው። ብናኙ ሲወርድ ገሠሠ ደስ አለው። "አቤት ክንድ! እስከ ዛሬ በእህል ባከነ!" አላት። እኩል መላጉን በማስመሪያ ማየት ነበረበት፤ ያን የሚያደርግ ትዕግሥት ከየት ያምጣ? አንሥቶ ገጠመው።

በማግስቱ ጧት ቡታጋዙን ከኋላ አስረው፣ ለልጃቸው የተጋገረውን ዳቦ የሺወርቅ ታቅፋ ተሳፈሩ፤ ሞተሩ አስነጠሰ፣ አስነጠሰና ተነሣ። ገሠሠ መሪውን እየደበደበ ሳቀ። ዳባት ሊገቡ ጥቂት ሲቀራቸው ግን ከኮፈኑ ሥር ፉጨት ተሰማ፤ እንፋሎት ቦለል አለ፤ መኪናዋ አንድ ጠባብ ድልድይ መሀል ላይ ቀጥ አለች።

ወርዶ ኮፈኑን ከፈተ። በቴስታታውና በሞተሩ መሀል የሚገባው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ በአንዱ ጫፍ ፈንድቷል፤ በዚያ በኩል ቴስታታው ከልክ በላይ ተበልቶ ቢላዋ የሚያስገባ ክፍተት ትቷል። ወዲያው ገባው፤ የየሺወርቅ የወፍጮ ክንድ የተጫነው ጫፍ ነው። ሊጮኽ አፉን ከፈተ።

"ምን ሆነች? እኔ አበላሸኋት እንዴ?" አለች የሺወርቅ።

ፊቷን ሲያይ ሆዱ ባባ። "ቡታጋዙ ነው። ብርድ አይወድም" አላት።

መኪናዋን ዳር ስለማውጣት ገና ሲመክሩ ከጎንደር በኩል የኦራል ድምፅ መጣ። ሸራ የለበሱት መኪኖች ተከታትለው መጥተው፣ የፊተኛው ከፒክአፗ ጋር ግንባር ለግንባር ቆመ። አንድ የመቶ አለቃ ወርዶ "ይህን ቆሻሻ አንሡ!" ብሎ ጮኸ። የሺወርቅ ግን እሱን የምትሰማበት ጆሮ አልነበራትም፤ በኦራሎቹ ጎን እየሮጠች "ደምለው! ልጄ ደምለው!" ትላለች። ከአንዱ ሸራ ሥር የተላጨ ጭንቅላት ብቅ አለ።

"እማዬ!"

"ውረዱና ወደ ኋላ ግፏት!" ሲል አዘዘ የመቶ አለቃው። ገሠሠ ኮፈኑን ዘግቶ መሪ ያዘ። ዘማቾቹ ልጆች ከፊት መጥተው ትከሻቸውን ሰጡ፤ ደምለውም መሀላቸው ገባ፤ እናቱ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ ትስመዋለች፣ ዳቦውን ጉያው ውስጥ ትወትፋለች። በአባትና በልጅ መካከል የመኪናዋ የፊት መስተዋት ብቻ ነበር። ልጁ ከስቷል፤ ጢሙ ማቀምቀም ጀምሯል። ገሠሠ ፍሬኑን እስከ መጨረሻው ረገጠው።

ልጆቹ ገፉ። መኪናዋ ተነቃነቀች እንጂ አልሄደችም።

"ፍሬን ይዘሃል እንዴ?"

"ማርሽ ነክሶብኝ ነው፣ ጓድ መቶ አለቃ! ትንሽ ይታገሡኝ!" አለ ገሠሠ፣ ያ ትዕግሥት የለሹ ሰውዬ።

ደግመው ገፉ። ገሠሠ ልጁን በማይጠግብ ዓይን አየው፤ ፍሬኑን እንደረገጠ ነው። የመቶ አለቃው ተጠራጥሮ ወደ በሩ መምጣት ሲጀምር ደምለው ቀደመው፤ በመስኮቱ አንገቱን አስገብቶ የአባቱን እግር አየ።

"አባዬ፣ ልቀቀው" አለ ቀስ ብሎ። "ቅጣቱ እኛ ላይ ነው የሚወርደው።"

እጁን የአባቱ ትከሻ ላይ አሳርፎ ወደ ቦታው ተመለሰና እንደ ጓደኞቹ አጎንብሶ ገፋ። ገሠሠ እግሩን አነሣ። ድልድዩ ጠባብ ነው፤ መከለያ የለውም፤ መኪናዋ ገደል እንዳትገባ ፊቱን ከልጁ አዙሮ ወደ ኋላ እያየ መሪውን መያዝ ነበረበት።