እናቷ ያልረሳችው መድኃኒት

«እናትሽ እስከ መጨረሻው ታውቅሽ ነበር አይደል?» አለች ጎረቤቷ፣ የሻይ ብርጭቆ እያቀበለቻት።

«ታውቀኝ ነበር» አለች ልጅቱ። ውሸቷን ነው። እናቷ ከመሞቷ በፊት ዓመቱን ሙሉ «ሲስተር» ነበር የምትላት፤ የሐኪም ቤት ነርስ እየመሰለቻት። ይህን ለማን ትነግራለች? ሆድ ይፍጀው ብላ ሻይዋን ፉት አለች። ቤቱ በለቀስተኛ ጢም ብሏል፤ እሷ ግን ብቻዋን ነበረች።

ከሁሉ ያንገበገባት የእናቷ ደም ነው። እናትየው ድሮ፣ በደህናው ጊዜ፣ አሞክሳሲሊን የሚባል መድኃኒት ወስዳ ገላዋ በሽፍታ ተወርሮ ነበር። ዘንድሮ ሳንባዋን ሲያማት ሐኪሙ ያንኑ ሊያዝላት ፈለገ። ልጅቱ «አይስማማትም» ብትለው ተጠራጠረ፤ እናትየውን ቢጠይቃት አታስታውስም፤ ፈገግ ብቻ አለችለት። እስኪጣራ ሌላ መድኃኒት ታዘዘላትና ደሟ ልጅቱ በምትሠራበት ላቦራቶሪ ተመረመረ። ሴሎቿ ከአሞክሳሲሊኑ ጋር ተቀምጠው ሰነበቱ። ልጅቱ በማይክሮስኮፕ ብታይ፣ ቲ ሴል የሚባሉት የሰውነት ዘበኞች ተባዝተው፣ እዚህም እዚያም ተኮልኩለዋል። አንዴ ያዩትን መድኃኒት ከስንት ዘመን በኋላ ለይተውታል። ሰው በጣውንት ይቀናል፤ እሷ በእንክብል ቀናች።

ከሰዓት በኋላ የላቦራቶሪው አለቃ ለቅሶ ሊደርሱ መጥተው አጠገቧ ተቀመጡ።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለች በሹክሹክታ። «የወለደችኝን እኔን የረሳች፣ መድኃኒቱን እንዴት አወቀችው?»

ሽማግሌው ወደ እሷ ጠጋ አሉ። «መድኃኒቱ ለብቻው ኢምንት ነው ልጄ፤ ዘበኞቹ ዞር ብለውም አያዩት። ከገዛ አካሏ ፕሮቲን ጋር ሲጣበቅ ነው የሚያውቁት።»

«ካልተጣበቀስ?»

«ያልፋቸዋል። ግን የእናትሽ ነገር ሌላ ነው፤ ይሄን ከዚያ ጋር አታገናኚው።»

አገናኘችው እንጂ ምን ታድርግ። ከሥራ ስትገባ፣ ጀርም እንዳታመጣባት ፈርታ፣ ጭምብል አድርጋና ጓንት አጥልቃ ነበር የምትቀርባት። ስታጥባትም ስታበላትም አታወልቀውም። ከዚያ ከአልጋው ግርጌ ትቆምና «እኔ ማነኝ?» ትላታለች፤ እንደ ፈተና። እናትየው ተጨንቃ፣ አንገቷን ደፍታ፣ «ሲስተር» ትላለች። ልጅቱ ጓንቱን ያጠለቀችው ለእናቷ ደህንነት ብላ ነው። ግን በባዶ እጇ የነካቻትን ቀን ላስታውስ ብትል አጣች።

አለቃው ሲሄዱ ተነስታ ወደ ጓዳ ገባች። የእናቷ ታናሽ እህት፣ ለቅሶው አድክሟት፣ የሟች አልጋ ላይ ጋደም ብላለች። እጇ ቁርጥ የእናቷን ነው፤ ጣቶቿ ሳይቀሩ። ልጅቱ ወለሉ ላይ ተንበርክካ ያንን እጅ በባዶ እጇ ያዘችው።

«ማነሽ?» አለች አክስቷ፣ ዓይኗን ሳትገልጥ።

ልጅቱ ጉንጯን መዳፉ ውስጥ አስገብታ እስክታውቃት ጠበቀች።