ከራዲዮው የጠፋው ቤዝ

ድንቅቱ በጎጆ ከተማ ጤና ጣቢያ ነርስ ነበረች፤ እሁድ እሁድ ደግሞ የቤተ ክርስቲያኗን ኳየር ትመራለች። በ1997 ዓ.ም. አዲስ አበባ የሚሠራ ወንድሟ የሳተላይት ራዲዮ ገዝቶ ላከላት። አንቴናውን መስኮቷ ላይ ወደ ሰማይ አዙራ ስታስቀምጠው፣ ቀኑን ሙሉ መዝሙር የሚያሰማ ጣቢያ አገኘች። ድምፁ ከመጥራቱ የተነሳ ዘማሪዎቹ ትንፋሽ ሲስቡ እንኳ ይሰማ ነበር።

ኳየሩ ከሥራ በኋላ እሷ ቤት መሰብሰብ ጀመረ። ዜማውን ከራዲዮው ይወስዱና ቃሉን በኦሮምኛ ይሠሩለታል። ከሁሉም በላይ የተደሰቱት ኦቦ ረጋሳ የሚባሉ ድንች አምራች ገበሬ ነበሩ። ድምፃቸው ወፍራም ስለሆነ ድሮ ሁሉም አንድ ዜማ ሲዘምር፣ የሌላውን ድምፅ እንዳይውጡ ቀስ እንዲሉ ይነገራቸው ነበር። አሁን ከሌሎቹ ሥር የሚሄደውን የቤዝ ዜማ ሰምተው ያዙት፤ ድምፃቸውንም ሳይቆጥቡ ዘመሩ።

በ2000 ዓ.ም. ግን የራዲዮው ድምፅ እየሳሳ መጣ። ሰዎቹ ቆርቆሮ ውስጥ ገብተው የሚዘምሩ ይመስላል። ቤዙማ ጭራሽ ጠፋ። ድንቅቱ መጀመሪያ ደመናውን ጠረጠረች፤ ክረምቱ ሲያልፍም አልተሻለም። ራዲዮውን ይዛ አምቦ ወረደችና ሱቁ ውስጥ ራዲዮ ለሚሸጥና ለሚጠግን ደሊል ለሚባል ነጋዴ አሳየችው። ደሊል ከሚሸጣቸው አንዱን ከፍቶ ያንኑ ጣቢያ አሰማት። ያው ነው።

«ራዲዮሽ ደህና ነው፣ እህቴ» አላት። «የሳተላይቱ ባለቤቶች በአንድ ጣቢያ ቦታ ብዙ ጣቢያ ለማስገባት የእያንዳንዱን የድምፅ ጥራት ቀንሰውታል። ከላይ ቀንሰው የላኩትን እኔ እዚህ ልጨምረው አልችልም።»

ይህንኑ ለኳየሩ ነገረች። ኦቦ ረጋሳ ከዚያ በኋላ ልምምድ መምጣት ተዉ። ድንቅቱ ማሳቸው ድረስ ሄዳ ጠየቀቻቸው።

«የማልሰማውን ከየት አምጥቼ ልዘምር፣ ሲስተር?» አሏት። «እንደ ድሮው ቀስ በል ልባል ነው?»

«ማንም አይልዎትም። ሌሎቹ ሲዘምሩ ይስሙና ከሥር የሚሄደውን እርስዎ ያውጡት።»

ስትለምናቸው ቆይታ መጡ። መጀመሪያ ላይ ከሌሎቹ ጋር ይጋጩ ነበር፤ ቀጭኑን ድምፅ፣ ሶፕራኖ፣ የምትዘምረው ጊፍቲ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ወጥታ ታውቃለች። እሳቸውም ተናደው ጋቢያቸውን አንስተው የሄዱበት ቀን አለ። ግን ተመለሱ። ማሳ ላይ ሲውሉ እያንጎራጎሩ የሚስማማውን መፈለግ ያዙ፤ ሲያገኙት አብረዋቸው ቤዝ ለሚዘምሩ ሁለት ወንዶች ያስጠናሉ።

በዓመቱ አምቦ ላይ በተደረገ የአብያተ ክርስቲያናት ስብሰባ ኳየሩ ዘመረ። ሲጨርሱ የእንጭኒ ከተማ ኳየር መሪ ጉዩ ኦቦ ረጋሳን ፈልጎ አገኛቸውና የቤዙን ዜማ ከየት እንደተማሩት ጠየቃቸው።

ኦቦ ረጋሳ አፈሩ። «ከየትም አልተማርኩትም» አሉ። «እኔው ነኝ ያወጣሁት።»

ጉዩ የእሱንም ኳየር እንዲያስተምሩለት ለመናቸው። አዝመራው ሲገባ ኦቦ ረጋሳ ከዚያ በፊት ረግጠዋት ወደማያውቋት እንጭኒ ተሳፈሩ። ድንቅቱ አብራቸው ልትሄድ ብትፈልግም ጤና ጣቢያው ፈቃድ ስላልሰጣት ቀረች። እዚያም ኦቦ ረጋሳ የኳየሩን ወንዶች በአንድ ወገን ሰበሰቧቸው። የሙዚቃ ቃል ስለማያውቁ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ድምፁ ከየት እንደሚነሳ አሳዩአቸው። ከኋላ የቆመ አንድ ጎልማሳ ድምፁን አፍኖ ሲዘምር ሰሙትና ወደ ፊት ጠሩት።

«አንተ አትፍራ» አሉት። «አውጣው።»